ሥራው ተማሪውን የፈለገባቸው ዓመታት

ቂሊንጦ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ማረሚያ ቤቱ ነው። ቀጠሮ የሚጠብቁ እስረኞች፣ ስንቅ ይዘው የሚወርዱ ቤተሰቦች፣ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. የደረሰው ቃጠሎ። ሰፈሩ ግን ሌሎች በሮችም አሉት። ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ አቅጣጫ ለሚሄድ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። በጥር 2007 ዓ.ም. የተመረቀውና በዓመት 1.5 ሚሊዮን ሄክቶሊትር እንዲጠምቅ የተሠራው የሄኒከን ቢራ ፋብሪካም እዚሁ ነው። ለመድኃኒት አምራቾች የተከለለው የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ የዓለም ባንክ በ2006 ዓ.ም. ባጸደቀው የ250 ሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክት ውስጥ የታቀፈ ነበር። የፕሮጀክቱ ስያሜ ራሱ «ተወዳዳሪነትና ሥራ ፈጠራ» ይላል።

መሐንዲስ የሚያወጣ ግቢና መሐንዲስ የሚቀጥር ግቢ እንዲህ ተጎራብተው ሳለ ከአንዱ በር ወጥቶ በሌላው መግባት ቀላል ሊመስል ይችላል። ገዋኑን ለብሶ ፎቶ የተነሳ ወጣት ግን በማግስቱ የሚገጥመው ጥያቄ ከሰፈሩ ሕንጻዎች ሁሉ የቆየ ነው። ማን ማንን ይፈልጋል? ሥራው ሰውን ነው ወይስ ሰው ሥራውን? የአገሪቱ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ እንደየዘመኑ የተለያየ መልስ ሰጥቶበታል።

በጥንቱ ሥርዓት መልሱ ግልጽ ነበር። ሹመት፣ ጉልት ወይም የቤተ መንግሥት አገልግሎት የፈለገ ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ ደጅ ይጠናል። ወራት ሊፈጅበት ይችላል፤ ዓመት ያለፈውም አለ። ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሳል፣ ሲገባ እጅ ይነሳል። ባለሟል ካለው ስሙ ጆሮ ይደርስለታል፤ ከሌለው ዓይን እስኪገባ ይቆማል። የሚያቀርበው ማስረጃ የአባቱ ስም፣ የጦር ሜዳ ታሪኩና ዋስ የሚሆነው ሰው ነው። ደጅ ጥናት ዛሬ በስድብ ቃና ይነሳል፤ ለዘመኑ ሰው ግን ራሱን የቻለ የቅጥር ሥርዓት ነበር። አለቃው የደጅ ጠኚውን ትዕግሥት፣ አንደበትና ታማኝነት ሳይከፍለው በነጻ ይመዝን ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ይህ ልማድ የመጀመሪያ ስንጥቁ ታየበት። የየመሥሪያ ቤቱ ጽሕፈትና ከውጭ መልእክተኞች ጋር የሚደረገው ንግግር የውጭ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይጠይቅ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ በስማቸው የተከፈተው ትምህርት ቤትም ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ በግብጻውያን መምህራን ያስተምር ጀመር። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከተለ። ከእነዚህ ቤቶች የወጣ ልጅ ደጅ ሳይጠና አስተርጓሚ፣ ጸሐፊ፣ የጉምሩክ ወይም የፖስታ ሹም ሆነ። ቁጥራቸው ጥቂት በመሆኑ መንግሥት ይሻማባቸው ነበር።

ሽሚያው የባሰው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። ጦርነቱ የተማረውን ትውልድ ክፉኛ በልቶት ስለነበር በ1930ዎቹ አጋማሽ ሚኒስቴሮቹ ወንበር እንጂ ሰው አልነበራቸውም። የንግድ ሥራ ትምህርት ቤትና ተግባረ እድ ልጆችን እያሰለጠኑ ለባንክ፣ ለአየር መንገድና ለየመሥሪያ ቤቱ ያቀብሉ ጀመር። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ተከፈተ። ወደ ውጭ ከተላኩት አንዱ ከተማ ይፍሩ አሜሪካ ውስጥ በሆፕ ኮሌጅና በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1940ዎቹ አጋማሽ ተመለሱ፤ አሥር ዓመት ያህል እንኳ ሳይሞላ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን ወደ መምራት ደረሱ። እንዲህ ያለ ፈጣን መሰላል የተገኘው በሰውየው ችሎታ ብቻ አይደለም፤ መሰላሉ ላይ የሚጋፋ ሰው ስላልነበረም ነው። ወደ ኋላ ላይ ለአንድ የዲግሪ ተመራቂ መነሻ የሆነው 500 ብር ደመወዝ ሰውየውን ወዲያውኑ ባለ ቤትና ባለ መኪና ለመሆን ያሰናዳው ነበር።

ሆኖም በዚያው ዘመን እዚሁ ቂሊንጦ አጠገብ፣ አቃቂ ውስጥ፣ ሌላ ዓይነት ሰልፍ ይታይ ነበር። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር በአቃቂ በኩል ያልፋል፤ ፋብሪካዎችም ሐዲዱን ተከትለው ተተከሉ። ከሕንድ ባለሀብቶች ጋር የተቋቋመው የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከስመ ጥሮቹ አንዱ ነው። ከገጠር የመጣ ወጣት ጎህ ሳይቀድ ከፋብሪካው በር ይቆማል፤ ካቦው ወጥቶ በጣቱ ይለያል፤ የተጠቆመው ይገባል፣ ያልተጠቆመው ነገ ይመለሳል። ዲግሪ ያለውን ሰው መሥሪያ ቤቶች በሚሻሙበት ጊዜ ዲግሪ የሌለው ጎረቤቱ ደጅ ጥናቱን ከመኳንንት በር ወደ ፋብሪካ በር አዛውሮ ይቀጥል ነበር። ስለ ዘመኑ የተማሩ ሰዎች የሚተረክልን ትዝታ ይህን ሰልፍ አያነሳም።

በ1950ዎቹ መንግሥት የሠራተኞቹን ቅጥር በአንድ ማዕከል የሚመራ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም በ1957 ዓ.ም. ገደማ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለውን ጀመረ፤ ተማሪው ሳይመረቅ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመምህርነት፣ ያገለግላል። ዛሬ ቀጣሪዎች አጥብቀው የሚጠይቁት የሥራ ልምድ ያኔ ከመመረቂያው በፊት ይገኝ ነበር። ከአስመራ ወይም ከአዲስ አበባ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ጋሞ ጎፋ ላይ ክፍል ሲረከብ የሚማረው ነገር ከዲግሪው ጋር አብሮት ወጣ።

ደርግ ሲመጣ ነገሩ ወደ ሌላ ጫፍ ሄደ። በጥር 1967 ዓ.ም. 72 ኩባንያዎች በአንድ ቀን የመንግሥት ሆኑ። ባንኩም፣ ፋብሪካውም፣ ትምህርት ቤቱም በአንድ እጅ ሲገቡ ቀጣሪውም አንድ ሆነ፤ ምደባም ሰፈነ። ተመራቂው ማመልከቻ አይጽፍም፤ ስሙ በዝርዝር ይወጣል፣ ደብዳቤ ይቀበላል፣ ወደ ተመደበበት ይሄዳል። ወለጋ የደረሰው ያለቅሳል፣ አዲስ አበባ የቀረው ይደሰታል። ሥራ አላገኝም ብሎ የሚሰጋ ግን አልነበረም። ሐኪሞች ዕጣ እያወጡ መመደባቸው ሥርዓቱ ከፈረሰ በኋላም ለብዙ ዓመታት ቀጥሏል።

እንግዲህ ሥራ ተማሪን የፈለገበት ጊዜ ከ1930ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ቢቆጠር 50 ዓመት ያህል ነው። አጭር ዕድሜ ነው። ነገር ግን ወላጆችና አያቶች ያደጉበት ጊዜ በመሆኑ «ዲግሪህን ያዝ እንጂ ሌላው ይመጣል» የሚለው ምክር የተወለደው እዚያ ውስጥ ነው። ምክሩ በጊዜው ትክክል ነበር። ጊዜው ካለፈ በኋላም በየቤቱ መነገሩ ግን በዛሬው ተመራቂ ላይ የተጫነ ትልቅ ዕዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መንግሥት ሠራተኛ መቀነስ እንጂ መመደብ አልቻለም። አዋጅ ቁጥር 42/1985 አሠሪና ሠራተኛን በገበያ ሕግ አገናኘ፤ አዋጅ ቁጥር 104/1990 ደግሞ ለግል የሥራ አገናኞች በር ከፈተ። የተመራቂው ዓለም ወደ ጋዜጣ ተዛወረ። አዲስ ዘመንና እሑድ እሑድ የሚወጣው ሪፖርተር ገጻቸው በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ይሞላ ነበር። አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ገዝቶ ማንበብ ያልቻለ ወጣት በሳንቲም ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ስልክና የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብጣሽ ወረቀት ላይ እየገለበጠ ይመልሳል። ቀጥሎ ዋናውንና ኮፒውን በፋይል ይዞ መዞር ነው። ዘበኛው «ቦታው ሞልቷል» ሲል ደጅ ጥናት መመለሱ ይታወቃል፤ ጓደኛውም «ሰው አለህ?» ብሎ ሲጠይቀው የጥንቱ ባለሟል መመለሱ ነው።

ያን ጊዜ ግን የተመራቂው ቁጥር ሌላ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባ፣ አስመራና ዓለማያ ብቻ ሲሆኑ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ ሰባ እጁ ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር ተወሰነ፤ ፋብሪካው ይመጣል፣ መሐንዲሱ ይቀድመው የሚል ስሌት ነበር። መሐንዲሱ ቀደመ። ከዚያ ወዲህ ዲግሪ ያላቸው ወጣቶች ተደራጅተው ኮብልስቶን ሲያነጥፉ ማየት አገር ያነጋገረ ጉዳይ ሆነ። ሥራው ራሱ የሚያሳፍር አልነበረም፤ ያስደነገጠው ምደባን የለመደው የወላጅ ዓይን የጠበቀው ሌላ መሆኑ ነው።

የቂሊንጦው ዩኒቨርሲቲ በ2003 ዓ.ም. በደንብ ሲቋቋም የዚያ ስሌት ልጅ ነበር። ለኢንዱስትሪ ቅርብ ይሁን ተባለ፤ ቦታውም ከአቃቂ ፋብሪካዎች ጎን ተመረጠ። በጀርመን መንግሥት ድጋፍ ከተካሄደው የምህንድስና ትምህርት ማሻሻያ ወዲህ የአገሪቱ የምህንድስና ተማሪ አራተኛ ዓመት ላይ አንድ ሴሚስተር ኢንተርንሺፕ ይወጣል። እንደ ታሪክ ካየነው ይህ ሴሚስተር የ1957ቱ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ታናሽ ወንድም ነው፤ በተማሪው ዘንድ ግን የሚገባውን ክብር አላገኘም። ብዙዎች የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው ይሄዱና ማኅተምና ሪፖርት ብቻ ይዘው ይመለሳሉ።

የደጅ ጥናት ታሪክ አንድ የሚጠቅም ነገር ካስተማረ እዚህ ላይ ነው፤ ዓይን ውስጥ ለመግባት ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ሥራ ሳይለምኑ በሩ ውስጥ ያሉበት ጊዜ ነው። የጠመቃው መስመር ሲቆም ቴክኒሻኑ አጠገብ የቆመ፣ ኢንጂነሩ ያልደረሰበትን የጥገና መዝገብ ያስተካከለ ተማሪ «ሰው አለህ?» ሲባል የሚጠራው ስም ይኖረዋል። ዘመድ አይደለም፤ ሥራውን ያየ ሰው ነው። ለዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ከጎረቤት ፋብሪካ ችግር መውሰድም የዚያው ዘዴ ነው፤ ሲቪው ላይ የሚጻፈው ነጥብ ቀጣሪው የሚያውቀው ማሽን ይሆናል።

ማስታወቂያው ዛሬ ከአራት ኪሎ ድንጋይ ወደ ኢትዮጆብስ ድረ ገጽና ወደ ቴሌግራም ቻናሎች ሄዷል። ለአመልካቹ የጫማ ወጪ ቀንሶለታል፤ ለቀጣሪው ግን የማመልከቻ ክምር ጨምሮበታል። በዚህ ላይ በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ያለፉት ከግማሽ በታች ነበሩ። ዲግሪ ብቻውን በር አይከፍትም የሚለውን ነገር መንግሥት በራሱ ወረቀት ያረጋገጠ ያህል ነው።

በር ውስጥ ከተገባ በኋላም ያለው ነገር በታሪክ ተለዋውጧል። የሙከራ ጊዜ በፊተኛው አዋጅ 45 ተከታታይ ቀን ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 60 የሥራ ቀን አራዘመው፤ በጽሑፍ መሆን እንዳለበትም ይደነግጋል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ማሰናበት ይችላል። ስለዚህ አዲስ ገቢ ውሉን ሳያነብ «ብቻ ያስገቡኝ» ብሎ መፈረሙ ደጅ ጥናቱን በር ውስጥ ሆኖ መቀጠል ነው። ከደመወዙ ደግሞ የወጪ መጋራት ክፍያው ይነሳል፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ከወር ገቢ ቢያንስ 10 ከመቶ እንዲቆረጥ አዝዞ ነበር።

ሁሉም ነገር ሲቀየር ያልተቀየረው ዋስ ነው። ገንዘብ ወይም ንብረት የሚነካ ሥራ ያገኘ ተመራቂ፣ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም አልፎ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ደብዳቤ የሚያመጣለት ሰው ይጠየቃል። ወላይታ ወይም ደብረ ታቦር ያደገ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ የሌለው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህች ላይ ነው። አንድ ዓመት ቀድመው የተቀጠሩ የዶርም ጓደኞች ለተከታዮቻቸው ዋስ ሲሆኑ ይታያል፤ ግቢ ሳሉ ከማን ጋር ደህና እንደኖሩ ያኔ ይቆጠራል።