ክብደት፣ ትንፋሽና ማዕድ፦ የሳምባ ሕሙማን አመጋገብ አጭር ታሪክ

ሥር የሰደደ የሳምባ ሕመም የሚታወቀው በሳልና በትንፋሽ ማጠር ብቻ አይደለም፤ የሕመምተኛው ሰውነት ቀስ በቀስ መመንመኑም ከጥንት ጀምሮ የታየ ምልክት ነው። የጥንት ግሪኮች ለሳምባ ነቀርሳ የሰጡት «ፍቲሲስ» የተባለው ስም ራሱ ትርጓሜው መመንመን ማለት ነው። የጠፋውን ክብደት መመለስ ይቻላልን? ቢመለስስ ዕድሜን ያረዝማልን? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሕክምና ባለሙያዎችን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክሩ ኖረዋል።

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀርመናዊው ሐኪም ኸርማን ብሬመር፣ ዛሬ በፖላንድ ግዛት በምትገኘው በገርበርስዶርፍ መንደር፣ የሳምባ ሕሙማንን በተራራ አየር፣ በእግር ጉዞና በተትረፈረፈ ምግብ የሚያክም ተቋም መሠረተ። የእርሱ ታካሚ የነበረው ሐኪም ፔተር ዴትቫይለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1876 በፋልከንሽታይን የራሱን ሳናቶሪየም ከፍቶ፣ ከጉዞው ይልቅ ዕረፍትን አስቀደመ። በምግቡ ረገድ ግን ሁለቱ አልተለያዩም። ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤና ሥጋ በየሰዓቱ ይቀርብ ነበር። ሮበርት ኮኽ የበሽታውን ተሐዋስ ማግኘቱን እ.ኤ.አ. በ1882 ቢያስታውቅም፣ ተሐዋሱን የሚገድል መድኃኒት ገና ስላልነበረ የተስፋው መለኪያ ሚዛኑ ሆኖ ቆየ። ይሁን እንጂ ወፍረው ወደ ቤታቸው ከተመለሱት መካከል በሽታው ያገረሸባቸው ብዙዎች ነበሩ።

ይህን አስተሳሰብ የለወጠው መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 እና በ1952 በኒው ዮርክ ከተማ በሲ ቪው ሆስፒታል ኢሶኒያዚድ ሲሞከር፣ ተስፋ የተቆረጠባቸው ሕሙማን የምግብ ፍላጎታቸው ተከፍቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ክብደት ጨመሩ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ በሕንድ አገር በማድራስ ከተማ የተካሄደው ጥናት ሕሙማንን በሁለት ከፈለ፤ አንዱ ክፍል በሳናቶሪየም፣ ሌላው በየድሃ ቤቱ ሆኖ አንድ ዓይነት መድኃኒት ለአንድ ዓመት ወሰደ። የሳናቶሪየሞቹ ምግብ እጅግ የተሻለ ስለነበር የበለጠ ክብደት የጨመሩትም እነርሱ ናቸው፤ ከበሽታው በመዳን ረገድ ግን በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲታተም፣ ምግብ ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ ተረጋገጠ።

ሆኖም ከዚህ በመነሣት ምግብ ዋጋ የለውም ማለት ስሕተት ነው። በዚያው በሕንድ አገር በጃርካንድ ክፍለ ሀገር የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ጥናት ለሕሙማን ቤተሰቦች የምግብ ድጎማ መስጠት በቤተሰቡ ውስጥ የሚከሠተውን አዲስ የሳምባ ነቀርሳ በግልጽ እንደቀነሰ፣ በሕክምናው የመጀመሪያ ወራት ክብደት የጨመሩ ሕሙማንም የመሞት ዕድላቸው አነስተኛ እንደነበር አሳይቷል።

ለኤምፊዚማና ለአየር ቧንቧ መጥበብ ሕሙማን ግን ጉዳዩ ዘግይቶ ነው የተመረመረው። የሕመምተኛው መክሳት የበሽታው የማይቀር ጠባይ ተደርጎ ለብዙ ጊዜ ይታይ ነበርና። ይህ እምነት የተናጋው እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ 779 ወንዶች የተካተቱበት ጥናት፣ የሳምባቸው አቅም እኩል ከሆኑ ሕሙማን መካከል እንኳ የከሱት ይበልጥ እንደሚሞቱ ባሳየ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በስምንት ሳምንት ውስጥ ከሁለት ኪሎ በላይ የጨመሩ ሕሙማን ረዘም ያለ ዕድሜ እንደኖሩ አስታወቁ። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2004 የሕመሙን ክብደት ለመመዘን በወጣው ባለ አራት ነጥብ መለኪያ ውስጥ የሰውነት ክብደት ከቁመት ጋር ተነጻጽሮ ከትንፋሽ አቅም ጎን ቦታ አገኘ።

የመክሳቱ ምክንያት ግልጽ ነው። የጠበበ ቧንቧ ያለው ሰው ለመተንፈስ ብቻ ከጤነኛው የበለጠ ጉልበት ያወጣል፤ ሲበላም ትንፋሹ ያጥረዋል፤ የሞላ ሆድም የመተንፈሻውን ጡንቻ ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ምግቡን ያሳንሳል፤ ምግቡ ሲያንስ የመተንፈሻ ጡንቻው ይደክማል፤ ጡንቻው ሲደክም ትንፋሹ ይብስበታል። በ1980ዎቹ እንጀራና ስኳር የመሰለ ምግብ የተቃጠለ አየር ስለሚያበዛ ይቀነስ የሚል ሥጋት ተነሥቶ ነበር፤ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ጥናት ጉዳቱ የሚመጣው ከምግቡ ዓይነት ይልቅ ከመጠን በላይ ከመመገብ እንደሆነ አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ2012 አሥራ ሰባት ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማም ተጨማሪ ምግብ የተመናመኑ ሕሙማንን ክብደት እንደሚጨምር አረጋግጧል። ይኸው ጭማሪ ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም እንዲሆን ምግቡ ከአካል እንቅስቃሴ ጋር መጣመር ይኖርበታል።

ይህ ታሪክ ለሀገራችን ባለሙያ ሩቅ አይደለም። በማገዶና በኩበት ጭስ ውስጥ የኖሩ እናቶች፣ ከሳምባ ነቀርሳ ድነው ጠባሳው የቀረባቸውም ሰዎች ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ከስተው ነው። ለእነዚህ ሕሙማን ውድ ምግብ ማዘዝ ምክር አይሆንም። በቀን ሦስት ጊዜ ሆድ እስኪሞላ ከመብላት ይልቅ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መብላት፣ ከመብላት በፊት ማረፍ፣ ከቤት የማይጠፉትን ሽሮ፣ ምስርና አጥሚት በዘይት ማጎልበት፣ ሲገኝም ወተትና እንቁላል መጨመር ይቻላል። የሚጾም ሕመምተኛም ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር መምከሩ ተገቢ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሕመምተኛው በመጣ ቁጥር ክብደቱ ተመዝኖ በካርዱ ላይ ይጻፍ። ሳይታሰብ የቀነሰ ኪሎ የነቀርሳ ወይም የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል በቅድሚያ ይመርመር። ሌላ ምክንያት ካልተገኘ ደግሞ «የበሽታው ጠባይ ነው» ተብሎ አይተው፤ ያለፉት ዓመታት ጥናቶች እንደሚያስረዱት፣ የጠፋው ክብደት ሊመለስ የሚችል ነውና።