ወረታና የፎገራ ሜዳ

ወረታ በአማራ ክልል በደቡብ ጎንደር ዞን፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በተንጣለለው የፎገራ ሜዳ ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይደረስባታል፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። የፎገራ ወረዳ መቀመጫ ሆና ኖራለች።

ለወረታ ገበያ ያመጣላት መንገድ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተደረገው ስምምነት ቻይናውያን የሠሩት፣ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የወልድያ መንገድ ከጎንደሩ ጎዳና የሚገነጠለው እዚህ ነው። ደብረ ታቦርን፣ ንፋስ መውጫንና ጋሸናን አልፎ ወልድያ ይገባል። የወሎ፣ የጎንደርና የጎጃም መንገደኛ የሚገናኝበት መታጠፊያ ስለሆነች ሆቴሉም ጋራዡም በመንገዱ ዳር ተሰልፏል፤ በኋላም ደረቅ ወደብ ተሠርቶላታል። በደብረ ታቦሩ መንገድ ጥቂት ሄድ ሲባል ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ አለ፤ ወንዱም ሴቱም ሥራ ሳይለይ የሚሸምንበት መንደር ነው።

ሜዳውን የሠሩት ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ናቸው። ክረምት በገባ ቁጥር ደጋውን አጥበው ያመጡትን ደለል እዚህ ያራግፋሉ። የርብ ወለል በደለል ከፍ እያለ ስለመጣ ወንዙ ሲሞላ ዳርቻውን ጥሶ ማሳውን ያጥለቀልቃል፤ ጣና ሲሞላ ደግሞ ውሃው መውጫ ያጣል። በ1998 ዓ.ም ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሰው አፈናቅሏል። ጎርፉን ለመግታትና በጋውን በመስኖ ለማልማት በርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል።

ጥቁሩ አፈር ውሃ ስለሚያቁር ድሮ ገበሬው ክረምቱን ለከብት ትቶ፣ ውሃው ሲሸሽ በእርጥበቱ ጓያ ይዘራ ነበር። ጓያ ድርቅን ይችላል፤ በችግር ጊዜ ግን እሱን ብቻ አዘውትሮ የበላ እግሩ ይሽመደመዳል። ፎገራና ደንቢያ በዚህ በሽታ ስማቸው ተደጋግሞ ተነሥቷል።

ሩዝ የመጣው በደርግ ዘመን ነው። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሞከሩት። ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ሩዙ ግን ቀረ፤ በብዛት የተዘራው ዝርያም እስከ ዛሬ «ኤክስ ጅግና» ይባላል። ገበሬው በክረምቱ መግቢያ ይዘራል፤ አረሙ ወገብ ያጎብጣል። በኅዳር አካባቢ ሩዙ ሳይታጨድ በሥሩ ጓያ ይበትናል፤ አጨዳው ሲያልቅ ጓያው በቅሏል። በአንድ መሬት ሁለት ምርት ማለት ነው። ውሃ የሚስብበት ዳርቻ ያለው ደግሞ በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል።

ወረታን ዛሬ የሚያንቀሳቅሰው የሩዝ መፈልፈያው ነው። ገበሬው ከነገለባው ያመጣውን ነጋዴው አስፈልፍሎ ወደ ጎንደር፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ይልካል። አብዛኛው ግን የሚበላው በእንጀራ ነው። ከጤፍ ጋር የተቀላቀለ ሩዝ እንጀራውን ያነጣዋል፤ ብቻውን ከተጋገረ ሲያድር ይደርቃል። ጠላና አረቄም ይጠመቅበታል። የፎገራ ብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በዚሁ አካባቢ ተቋቁሟል፤ ጃፓን በጃይካ በኩል ረድታዋለች።

ዋጋውን የከፈለው ግን የፎገራ ከብት ነው። ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉሩ፣ ቀንደ አጭሩ የፎገራ ላም ከአገራችን ዝርያዎች በወተቱ ስሙ የታወቀ ነው፤ ረግረጉንም ለምዷል። ግጦሹ ለሩዝ ሲታረስ መዋያ አጣ፤ በተረፈው ሣር ላይ አሜኬላ በዛ፣ የሐይቁን ዳር ደግሞ እምቦጭ ያዘው። የሩዝ ጭድ ከብቱን ያከርመዋል እንጂ እንደ ድሮው ሣር አያልብም። ከሌላ ዝርያ ጋር መዳቀሉም ተጨምሯል። ዝርያው እንዳይጠፋ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ያለው የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል ያራባዋል፤ ንጹሑን የፎገራ ላም ማየት የሚሻ ከወረታ ገበያ ይልቅ አንዳሳ ቢሄድ ይሻለዋል።