ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ካይሮ ውስጥ



ስለ ደቀ መዝሙርነት ማጥናት ከጀመርን ወዲህ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። ጸሎት አለን፣ መዝሙር አለን፣ ስብከቱንም ሥራ ላይ ሆነን ከስልክ እንሰማለን፤ ታዲያ ያቺን አንዲት የዕረፍት ቀን ቁጥር በቁጥር በማንበብ መጨረስ ለምን አስፈለገ? ጥያቄው የስንፍና አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ቆመን ሠርተን የምንመጣ ሰዎች ነን፤ ገና ምዕራፉ ሳይጋመስ ዓይናችን ይከደናል። መልሱን ዛሬ ከታሪክ እንፈልገው። በእጃችን ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከየት እንደ መጣ ስንቶቻችን እናውቃለን? የመጣው እኮ እንደኛው ከአገሩ ርቆ ይኖር ከነበረ ሰው፣ ከአረብ ከተማ ነው።

ሰውየው አቡ ሩሚ ይባላል። ከአገሩ በወጣትነቱ ወጥቶ ኢየሩሳሌምን፣ ሶርያን፣ ፋርስን፣ ሕንድን ሳይቀር አይቷል። ሕንድ አገር ዊሊያም ጆንስ የሚባል ታዋቂ እንግሊዛዊ የቋንቋ ሊቅ አብርሃም ከሚባል ሐበሻ ጋር ስለ ጎንደርና ስለ ዓባይ ምንጭ ያደረገውን ጭውውት ጽፎ ትቷል፤ ያ አብርሃም አቡ ሩሚ እንደ ሆነ ይታመናል። ይህን ሁሉ ዞሮ ካይሮ ሲደርስ ግን ሸምግሎ ነበር፤ ታመመም። ያስታመመው አስሊን ዴ ሼርቪል የሚባል የፈረንሳይ ቆንስላ ሰው ነው። አስሊን ሰባኪ አልነበረም፤ የምሥራቅ ቋንቋዎችን የሚያጠና ዲፕሎማት ነው።

ከ1808 ገደማ ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሁለቱ አንድ ሥራ ጀመሩ። ለአሥር ዓመት በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ የአስሊን በር ለእንግዳ ይዘጋል። ሁለቱ ቁጭ ብለው የአረብኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ቀስ እያሉ ያነባሉ። አቡ ሩሚ ያልገባው ቃል ሲኖር፣ ወይም አረብኛው ራሱ ግልጽ ሳይሆን ሲቀር፣ አስሊን ዕብራይስጡን፣ ሱርስቱን፣ የግሪኩን ሰባ ሊቃናት ትርጉም ይገልጣል። ተነጋግረው ሲግባቡ አቡ ሩሚ በአማርኛ ይጽፈዋል። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ቁጥር።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የእኛ አረብኛ የኩሽና አረብኛ ነው፤ "አምጪ፣ ውሰጂ፣ ቶሎ በይ" ነው። የአቡ ሩሚም አረብኛ ከመንገድና ከሰው ቤት የለቀመው ሳይሆን አይቀርም። የስደት ቋንቋውን ለአገሩ ሰው የሚጠቅም ነገር ሠራበት። ደግሞ አስተውሉ፤ ሥራው ሲጀመር የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሚባል ሙሉ መጽሐፍ አልነበረም። በአገር ቤት ንባቡ ግዕዝ ነው፤ መምህራኑ በአማርኛ አንድምታ ያብራሩታል፤ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ከመምህሩ እግር ሥር መቀመጥ ላልቻለ፣ ለገበሬው፣ ውሃ ለምትቀዳዋ ሴት፣ በራሳቸው ቋንቋ ቁጭ ብለው የሚያነቡት አልነበረም። እንግዲህ ጥናቱ ከመጽሐፉ ቀደመ ማለት ነው። ሁለት ሰዎች "ይህ ምን ማለት ነው?" እየተባባሉ ካነበቡት ነው መጽሐፉ የወጣው።

ሲያልቅ በአቡ ሩሚ እጅ የተጻፈው 9,539 ገጽ ሆነ። ለአሥር ዓመት ማክሰኞና ቅዳሜ ብናካፍለው በአንድ ቀን ዘጠኝ ገጽ ገደማ ይደርሳል። ብዙ አይመስልም አይደል? ከዚያ አቡ ሩሚ ኢየሩሳሌምን ሊሳለም ሄደ፤ ወደ ካይሮ ሲመለስ ወረርሽኝ ገደለው። በ1820 የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በዊሊያም ጃዌት በኩል ጽሑፉን በ1,250 ፓውንድ ገዛው፤ ያን ጊዜ የጻፈው ሰው በሕይወት አልነበረም። ወንጌላቱ በ1824 ታተሙ፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840። የገዢውንና የአሳታሚውን ስም በየታሪኩ ታገኛላችሁ፤ የአቡ ሩሚን ስም ግን ስንት አማኝ ያውቃል? እኔን ይህ ያንገበግበኛል። የቤቱን ሥራ ሠርቶ ስሙ የማይነሣ ሰው ምን እንደሚሰማው እዚህ ያለን ሰዎች እናውቃለን።

መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ታርሟል፤ ብዙዎቻችን ያደግንበት በንጉሡ ዘመን የወጣው እትም ደግሞ ሌላ ትርጉም ነው። ቢሆንም የመጀመሪያው ሥራውን ሠርቷል። በ1860ዎቹ በሐማሴን ጸዓዘጋ የነበሩ ካህናት መጽሐፍ ቅዱስን ተሰብስበው ያነቡ ነበር። ስደት እስኪደርስባቸው ድረስ ያነበቡትን በኑሯቸው ሊከተሉት ሞከሩ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን። ከስልክ የምንሰማው ስብከት መጥፎ ነው አልልም፤ እኔም ልብስ እየተኮስኩ እሰማለሁ። ግን ሰባኪውን አቁመን "ይህን ከየት አመጣኸው?" ልንለው አንችልም። "ስምሽ ተገልጦልኛል፣ ይህን ያህል ላኪ" የሚል ድምፅ በዋትስአፕ ሲመጣስ፣ በምን እንመዝነዋለን? ጌታን የሚከተል ሰው የጌታውን ድምፅ ከሌላው የሚለየው ደጋግሞ በመስማትና በመጠየቅ ነው። አቡ ሩሚ ያልገባውን ቃል ዘሎ አላለፈም፤ ቢያልፍ ኖሮ እኛም ባዶ ቦታ እናነብ ነበር። ስለዚህ በክበባችን "አልገባኝም" የምትል እህት ጥናቱን አላዘገየችም። ሥራው እሱ ነው።

ማዳሟ የማታስወጣት እህት "እኔ የለሁበትም" እንዳትል። ዘጠኝ ገጽ አይጠበቅባትም፤ ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ አምስት ቁጥር ትበቃለች። የሚያስፈልጋት አብሯት የሚያነብ አንድ ሰው ነው፤ በስልክም ይሁን።

ለሚቀጥለው አርብ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ከቁጥር 26 እስከ 40 እናጠናለን፤ ያ ኢትዮጵያዊ ባለሥልጣን በጋዛ መንገድ ሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ሲያነብ፣ ያልገባውንም ሳያፍር ሲጠይቅ የምናይበት ነው። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቀድማችሁ አንብቡት፤ አንዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብብ፣ ሌላዋ ያልገባትን ትጻፍ። መምጣት የማትችሉ ጥያቄያችሁን እስከ ሐሙስ ማታ በድምፅ ላኩልን፤ ጥናቱን የምንጀምረው ከእናንተ ጥያቄ ነው።