የአዲስ አበባ ጭቃ ቤትና የጥገናው ታሪክ

የአዲስ አበባ ጭቃ ቤት በባህር ዛፍ ቋሚ የቆመ፣ በማገር የተያያዘ፣ በጭድ በተቦካ ጭቃ የተመረገና በቆርቆሮ የተከደነ ቤት ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት አብዛኛውን የከተማዋን ነዋሪ ያስጠለለው ይኸው ቤት ነው። «ጊዜያዊ» እየተባለ ቢናቅም፣ ሦስት ትውልድ ያሳደጉ ጭቃ ቤቶች ዛሬም አሉ። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ዓይነት እንጨትና አፈር ተሠርተው ብዙም ሳይቆዩ የተደረመሱም አሉ። ልዩነቱን የፈጠረው ከተሠሩ በኋላ ያገኙት ጥገና ነው። ስለዚህ የጭቃ ቤት ታሪክ በአብዛኛው የጠጋኞቹ ታሪክ ነው።

አሠራሩ ከከተማዋ ይቀድማል። በደጋው አገር ቤት የሚሠራው አካባቢው ከሚሰጠው ነበር፦ በላስታ ከድንጋይ፣ በትግራይ የአፈር ጣሪያ ያለው ህድሞ፣ በሸዋና በጎጃም ደግሞ በብዛት ከእንጨትና ከጭቃ። ለምሰሶና ለቋሚ ጥድና ወይራ ይመረጡ ነበር፤ ሁለቱም ምስጥ በቀላሉ የማይደፍራቸው፣ ከመሬት ውስጥ ተቀብረው ብዙ ዓመት የሚቆዩ እንጨቶች ናቸው። ክዳኑ ሰንበሌጥ ወይም ሌላ ሣር ነው። በመንዝ ደጋ ጓሳ የሚባለው ሣር ዕድሜ ስላለው ከሌላው ይመረጣል። የመንዝ ሰዎች የጓሳውን መሬት ቀሮ በሚባል ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀውታል፤ መሬቱ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋ፣ ከብት እንዳይገባበትና ማጭድ እንዳያርፍበት ጠባቂ ይቆምለት፣ ሣሩ ሲደርስ ተከፍቶ ባለመብቱ ሁሉ ድርሻውን ያጭድ ነበር። አንድ ገበሬ ጣሪያውን ማደስ የሚችለው አገሩ ሣሩን ከጠበቀለት ነበር።

የጎጆው ምድጃ ከመሀል ቤት ነው። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ደረትም ይጎዳል፤ ነገር ግን በሣሩ መካከል አልፎ ሲወጣ ክዳኑንና እንጨቱን ጥቀርሻ እያለበሰ ነቀዝንና ሌላውን ተባይ ያርቃል። በየቀኑ የሚነደው እሳት ማንም ጥገና ብሎ ሳይጠራው ቤቱን ይጠብቅ ነበር። ከባዱ ሥራ፣ ማለትም ማቆሙ፣ መክደኑና መምረጉ፣ በደቦ ይሠራል፤ ባለቤቱ ጠላና ምግብ አቅርቦ ጎረቤቱን ይጠራል፣ በተራው ደግሞ ለጎረቤቱ ይወጣል። ወንዶች እንጨቱንና ክዳኑን ሲይዙ፣ ወለሉን በእበት መለቅለቅና ግድግዳውን መለሰን በአብዛኛው የሴቶች እጅ ነበር። ይህ የሴቶች ሥራ በየሳምንቱና በየወሩ የሚደጋገም ስለሆነ ዓይን ባይስብም፣ ቤቱን የሚያቆየው በዋናነት እሱ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. ሲቆረቁሩ ይህ የገጠር ጥበብ አብሯቸው ወረደ። ችግሩ እንጨት ነበር። የቤተ መንግሥቱ፣ የመኳንንቱና የሠራዊቱ ማገዶና የቤት ሥራ በዙሪያው ያለውን ጥድ በጥቂት ዓመታት ጨረሰው። እንጨት ከሩቅ ማምጣት እየከበደ በመሄዱ ንጉሠ ነገሥቱ በ1893 ዓ.ም. አካባቢ ከከተማዋ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው አዲስ ዓለም ሌላ መዲና ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት በ1880ዎቹ አጋማሽ ከውጭ የገባው ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለቋሚና ለማገር ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ የባህር ዛፍ ከተማ ሆነች።

ነገር ግን ይህ ዛፍ ጥድን በፍጥነት እንጂ በጽናት አልተካም። በለጋነቱ የተቆረጠ ባህር ዛፍ ምስጥ ይወደዋል፤ እርጥበት ባለበት መሬት ውስጥ ያለ መከላከያ ከተቀበረ እግሩ ይበሰብሳል። በከተማው የሚሠሩ አናጢዎች መፍትሔ ፈልገውለታል። ቋሚው ከመተከሉ በፊት ልጡ ይላጣል፣ እንዲደርቅ ይተዋል፣ ከመሬት የሚገባው ጫፍ በእሳት ይለበለባል። መኪና ከመጣ በኋላ ደግሞ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ተለመደ። ቋሚው ከበሰበሰም ቤቱ አይፈርስም፤ ከጎኑ አዲስ እንጨት ይተከላል፣ የበሰበሰው ጫፍ ተቆርጦ ይወጣል፣ በዙሪያው የተነቀለው ጭቃ እንደገና ይመረጋል። ስለዚህ ብዙ ያረጀ የአዲስ አበባ ቤት ሲታይ መጀመሪያ ከተተከለው እንጨት የቀረው ጥቂት ነው።

የጭቃው ዝግጅት ትዕግሥት ይጠይቃል። አፈሩ ቀይ ቢሆን ይመረጣል፤ ጥቁሩ መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከቤቱ አጠገብ ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈሩ ከውኃና ከጭድ ጋር ይደባለቃል። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ልስልስ ስለሆነ ከሁሉ ይበልጣል። ከዚያ በእግር ይረገጣል፤ ለቀናት ውኃ እየተጨመረለት እንዲቦካ ይተዋል፤ በየመካከሉ ደግሞ ይረገጣል። ጭዱ መበስበስ ጀምሮ ጭቃው ሲሸት እንደ ደረሰ ይቆጠራል። ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ከእንጨቱም ይለቃል። የመጀመሪያው ምርጊት በማገሩ መካከል ከውስጥና ከውጭ ተጠቅጥቆ ይገባና እስኪደርቅ ሳምንታት ይጠበቃል። ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ስንጥቁን የሚሞላው ሁለተኛው ምርጊት ነው። በመጨረሻ ከተነፋ አፈር፣ ከደቃቅ ጭድና ከእበት የሚዘጋጀው ልስን ይለሰናል፤ አቅም ያለው ኖራ ይቀባዋል። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ዋጋውን በሚመጣው ክረምት ይከፍላል።

ሌላው ትልቅ ለውጥ ቆርቆሮ ነው። በመጀመሪያ በጋማ ከብትና በግመል እየተጫነ የሚመጣ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ዕቃ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ማጓጓዙ ቀለለ፤ ቆርቆሮም ቀስ በቀስ ወደ ተራው ነዋሪ ጣሪያ ወጣ። ቆርቆሮ ለክብ ጎጆ አይመችም፤ ስለዚህ የቤቱ ቅርጽ ራሱ ከክብ ወደ አራት ማዕዘን ተለወጠ። በየጊዜው ሣር መቀየር ቀረ፣ የእሳት አደጋም ቀነሰ። በአንጻሩ ምድጃው ከዋናው ቤት ወጥቶ ወደ ማድ ቤት ሄደ፤ ነዋሪው ከጭሱ ሲገላገል ጭሱ ለእንጨቱ ይሰጠው የነበረው ጥበቃም አብሮ ሄደ። ሣር የዝናቡን ውኃ አብርዶ ሲያንጠባጥብ ቆርቆሮ በአንድ ጊዜ ያወርደዋል፤ የወረደው ውኃ መሬት መትቶ እየተፈናጠረ የግድግዳውን እግር ይሸረሽራል።

የከተማው ጭቃ ቤት ዋና ጠላት ከላይ ከሚፈሰው ዝናብ ይልቅ ከታች የሚፈናጠረው ነው። መፍትሔዎቹም በዚህ ዙሪያ የተገኙ ናቸው። ቤቱ ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይቆማል፤ የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው አልፎ ይወጣል፤ ጠርዙ ላይ አሸንዳ ይሰቀላል፤ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፈራል። ከሰኔ በፊት አሸንዳው ከቅጠል ይጸዳል፣ ቦዩ ይጠረጋል፣ ምስማሩ የላላ ቆርቆሮ ይመታል፣ የበሳው በሬንጅ ይደፈናል፣ ነፋስ እንዳያነሣው ድንጋይ ይጫንበታል። ክረምቱ ሲያልፍ የተሸረሸረው እግር ይመረጋል፤ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ግድግዳው ኖራ ይቀባል። በበዓል ሰበብ የሚደረገው ይህ እድሳት ለቤቱ የዓመቱ ምርመራ ነበር፤ ልስኑን የሚለስን እጅ እያንዳንዱን ስንጥቅና የምስጥ መንገድ ያገኛል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ የአገሪቱ የመጀመሪያ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ሲሚንቶ ወደ ጭቃ ቤቱም ገባ። ለወለል ጠቅሟል፤ እበት ይለቀለቅ የነበረው መሬት ሊሾ ሆነ። ለግድግዳ ግን ብዙ ጊዜ ጎድቷል። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይጣበቅም፤ በሽቦና በምስማር ቢያዝም ከኋላው የገባውን እርጥበት አፍኖ ይይዛል፤ ልስኑ ውብ ሆኖ ሳለ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። የሚተነፍሰው የአፈር ልስን መልኩ ቢያንስም ለጭቃ ግድግዳ የሚስማማው እሱ ነው።

ከነጻነት በኋላ ከተማዋ ስትሰፋ አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ነበር። መሬቱ በጥቂት ባለርስቶች እጅ ስለነበር በየግቢው ተደርድረው የተሠሩ ጭቃ ክፍሎች ይከራዩ ነበር። አንዳንዱ አከራይ ቤቱን በየዓመቱ ያድስ፣ ሌላው ኪራዩን ብቻ ይሰበስብ ነበር። ቢሆንም ቤቱ ባለቤት ነበረው፤ ከወደቀ የሚከስረው እሱ ነበር።

ይህን የለወጠው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በላይ የሆነ ቤቶች ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት፣ ከዚያ በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። አነስተኛ ኪራዮች ተቀነሱ። ለድሃው ተከራይ ይህ እውነተኛ እፎይታ ነበር፤ ከቤቱ ማንም እንደማያስወጣው ያወቀው ያኔ ነው። ለቤቶቹ ግን ክፉ ዘመን ተጀመረ። ለአሥርት ዓመታት ሳይሻሻል የቆየው የጥቂት ብር ኪራይ ለቀበሌው የቆርቆሮና የእንጨት መግዣ አይሆንም ነበር። ተከራዩ በበኩሉ የራሱ ያልሆነውን ቤት በራሱ ገንዘብ ለማደስ ያመነታ ነበር፤ ማደስ ቢፈልግም ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። በዚህ መካከል የግድግዳው እግር እየበሰበሰ፣ ቤቱ እያዘመመ ሄደ። የመሀል ከተማው ሰፈሮች የተጎሳቆሉት ጭቃ ስለሆኑ ብቻ ነው የሚለው አባባል ይህን ታሪክ ይዘላል።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ እነዚህ ሰፈሮች በየተራ እየፈረሱ በቦታቸው ረጃጅም ሕንፃዎች ቆሙ፤ ብዙው ነዋሪ ወደ ኮንዶሚኒየም ተዛወረ። የኮንዶሚኒየም ቤት ምርጊት አይፈልግም፤ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የሚደፈን የፍሳሽ መስመርና የጋራ ደረጃ ግን አለው። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እነዚህን የጋራ መጠቀሚያዎች የማስተዳደሩንና የመጠገኑን ኃላፊነት የሰጠው ቤት ባለቤቶቹ ለሚያቋቁሙት ማኅበር ነው።