ስለ ጠመንጃ ያዥ ሠፈር ስምና ስለ ዘመኑ ማነጣጠሪያ

ጠመንጃ ያዥ ሠፈር፥ እንደ ሠራተኛ ሠፈርና እንደ ዘበኛ ሠፈር፥ ስሙን ያገኘው ከሰዎቹ ሥራ ነው። ስሙ ሥራቸውን ይነግረናል፤ የመሣሪያውን ጠባይ ግን አይነግረንም።

በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከተተኮሱት ጠመንጃዎች አንዱ ሕዝቡ «ውጅግራ» የሚለው ነው፤ ይኸውም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የመጣ ነው። በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ፥ ጥይቱን አንድ በአንድ የሚጎርስ፥ የአፈ ሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር የሆነ መሣሪያ ነው። ማነጣጠሪያውም እንደ ርቀቱ ከፍና ዝቅ የሚል ብረት ነበር።

አጉሊ መነጽር በጠመንጃ ላይ መግጠም ግን ከዚያ በፊት በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት (ከ1861 እስከ 1865 እ.ኤ.አ.) ታውቆ ነበር። ታዲያ ባለውጅግራው መነጽር ቢያገኝ ምን ያህል ይጠቅመው ነበር? ባሩዱ ጥቁር ስለ ሆነ፥ አንድ ጊዜ ሲተኩስ ጢሱ ዒላማውን ይጋርድበታል፤ የቆመበትንም ቦታ ለጠላት ያሳይበታል። ጢስ የማያበዛ ባሩድ ለጦር ጠመንጃ የዋለው በ1886 እ.ኤ.አ. በወጣው በለቤል ነው።

እንግዲህ የጦራችንን ታሪክ ስንጽፍ የጠመንጃውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም መመርመር ይገባናል። ያለዚያ የሠፈሩን ስም እየጠራን፥ በጢስ መካከል በዓይኑና በልምዱ ያነጣጠረውን ሰው ሙያ እንረሳለን።