ከውኃ ወደ አየር ስለሚወጣው የማይታይ ነገር

የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ሲከፈት እሽ ብሎ የሚወጣውን ድምፅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ክዳኑ ሲነሣ ግፊቱ ስለሚቀንስ በውኃው ውስጥ ታምቆ የነበረው ጋዝ ማምለጡ ነው። ሕጉን በ1803 ዓ.ም. ያሳተመው ዊልያም ሄንሪ የተባለው የማንችስተር ኬሚስት ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሄንሪ በልጅነቱ ከባድ እንጨት ወድቆበት ስለ ተጎዳ ዕድሜውን ሁሉ ሕመም ያልተለየው ሰው ነበር። ይሁን እንጂ ልዩ ልዩ ጋዞችን በብርቱ ግፊት ከውኃ ጋራ እያዋሐደ መረመረ። ሙቀቱ ካልተለወጠ በቀር ግፊቱ እጥፍ ሲሆን በውኃው የሚሟሟውም ጋዝ እጥፍ እንደሚሆን አገኘ።

ነገር ግን ይህ ሕግ ጋዙ ወዴት እንደሚያዘነብል ይነግረናል እንጂ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወጣ አይነግረንም። ለዚህ ከመቶ ዓመት በላይ መጠበቅ ግድ ሆነ። በ1924 ሉዊስና ዊትማን የተባሉ አሜሪካውያን፣ ውኃና አየር በሚገናኙበት ገጽ ከላይና ከታች ሁለት ስስ ሽፋኖች እንዳሉ አድርገው አሰቡ። እንደ ሁለት ኬላ ቍጠሯቸው። ኦክሲጅን የሚዘገየው በውኃው ኬላ ነው፤ ውኃን አጥብቆ የሚወደው አሞኒያ ግን በአየሩ ኬላ። ሽፋኖቹን በዓይኑ ያየ የለም፤ ስሌቱ ግን ይሠራል።

በ1973 በካናዳ ማካይና ዎልኮፍ ከውኃ ጋራ እምብዛም የማይስማሙ መርዞች ወደ አየር የሚወጡበትን ፍጥነት አሰሉ። እንደ ዲ.ዲ.ቲ. ያለው መድኃኒት ለብቻው ሲታይ እጅግ ጥቂት የሚተን ስለ ሆነ፣ ወንዝ ከገባ በዚያው የሚቀር ይመስላል። ሆኖም ውኃው ራሱ ስለማይቀበለው ከተገመተው ይልቅ ፈጥኖ ወደ አየር ይወጣል። ስለዚህ ከውኃው ጠፋ ማለት ከምድር ጠፋ ማለት አይደለም።

ሕጉ በጅምላ የገደለበትም ቀን አለ። በካሜሩን የሚገኘው የኒዮስ ሐይቅ ከ200 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ከምድር ውስጥ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላዩ ባለው ውኃ ክብደት ታምቆ በሥሩ ሲከማች ኖረ። ኦገስት 21 ቀን 1986 ማታ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሸለቆውን ተከትሎ ወርዶ 1,700 ያህል ሰዎችን አፍኖ ገደለ።

በ2001 እስከ ሐይቁ ሥር የሚደርስ ቧንቧ ተተከለ። ፓምፕ የሚያስፈልገው ለማስጀመር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ውኃው ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ እየቀነሰ፣ ጋዙም ከውኃው እየተለየና ውኃውን እየገፋ ወደ ሰማይ ይረጨዋል።