ድምፁ የማን ነው?

ኔሊ ላሮይ በር ከፍታ ትገባለች፣ ምልክቱ ላይ ትቆማለች፣ አጭር ሰላምታ ትናገራለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ግን አንዴ ድምጿ ለማይኩ ይበዛል፣ አንዴ ምልክቱን ትስታለች፣ አንዴ የሆነ ኮሽታ ይገባል። እንደገና! ማቀዝቀዣው እንዳይሰማ ስለተዘጋ ክፍሉ ምድጃ ሆኗል። በስተመጨረሻ ቀረጻው ሲሳካና ሁሉም ሲጨፍር፣ የካሜራው ጩኸት ማይክ ውስጥ እንዳይገባ ታሽጎ የተቀመጠው ካሜራማን ሳጥኑ ውስጥ ሞቶ ይገኛል።

ይህ የዴሚየን ሻዜል «ባቢሎን» (2022) ነው፤ ከ3 ሰዓት በላይ የሚረዝም፣ ወጪውን እንኳ ያልመለሰ ፊልም። ሞቱን ለፊልሙ እንተውለት፤ ሳጥኑ ግን እውነት ነበር። ድምፅ ሲመጣ እንደልቡ ይሮጥ የነበረው ካሜራ ታሰረ፣ ተዋናዩም ማይኩ ሥር ተቸነከረ። በ1929 ዳይሬክተሯ ዶረቲ አርዝነር ክላራ ቦው እየተንቀሳቀሰች እንድትናገር ብላ ማይኩን በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ አሰቀለችው። እንደኔ ከሆነ ከዚያ ዘመን ብልሃቶች ሁሉ ይኼን የሚያህል የለም።

«ባቢሎን» ላይ የሚከብደኝ ትዕይንት ግን ሌላ ነው። ጥቁሩ ጥሩምባ ነፊ ሲድኒ ፓልመር በመብራቱ ምክንያት ከጓደኞቹ ቀላ ብሎ ይታያል። የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ሲኒማ ቤቶች ደግሞ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ባንድ አያሳዩም። ስለዚህ ፊቱን እንዲያጠቁር ይጠየቃል። ጠያቂው ማኒ ነው፤ ሜክሲኳዊነቱን ደብቆ ስፔናዊ ነኝ የሚለው ማኒ! ሲድኒ ይቀባል፣ ይነፋል፣ ከዚያ ስቱዲዮውን ጥሎ ይሄዳል።

ሻዜል ይህን ከየትም አላመጣውም። በጥቅምት 1927 ዘመኑን የከፈተው «ዘ ጃዝ ሲንገር» ራሱ፣ ነጩ አል ጆልሰን ፊቱን አጥቁሮ የዘፈነበት ፊልም ነው። ሲኒማ አፍ ሲፈታ የጥቁሮችን ዜማ ፈለገ፣ ዘፋኞቹን ግን አልጠራም።

መጨረሻ ላይ ማኒ በ1952 ሲኒማ ቤት ገብቶ «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን»ን እያየ ያለቅሳል። ያም ፊልም ስለዚሁ ሽግግር ነው፤ ድምጿ የማያምር ኮከብ የሌላዋን ልጅ ድምፅ ትሰርቃለች፣ በመጨረሻም መጋረጃው ተገልጦ ባለድምጿ ትታወቃለች። ደስ ይላል አይደል? ከካሜራ ጀርባ ግን፣ ዴቢ ሬይኖልድስ ለኮከቧ ስትናገርላት የምንሰማው የራሷን የኮከቧን ተዋናይት የጂን ሄገንን ድምፅ ነው። ዘፈኑን ደግሞ የዘፈነችው ቤቲ ኖይስ የምትባል ሴት ናት። ስሟ ፊልሙ ላይ አልተጻፈም።